የጠፈር ሄልሜት በእጅ ለመሥራት፦ ካርቶን፣ ፎም ወይስ ወረቀት በሊጥ?

ከጌም ወይም ከሳይንስ ልብወለድ የወደዳችሁትን ሄልሜት ራሳችሁ ለመሥራት ስታስቡ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በቀላሉ የምታገኙት ዕቃ ሦስት ነው፦ ካርቶን፣ ፎም፣ እና በሊጥ የሚለጠፍ ወረቀት። ብዙ ሰው ሮጦ የሚገዛው ፎም ነው። ከሦስቱ ምርጡም እሱ ነው፤ ግን ልኩ ያልተፈተነ ቅድ (የመቁረጫ ንድፍ) ፎም ላይ ካረፈ ፎሙም ማስቲሹም አብሮ ይባክናል። ስለዚህ ፎም ለመግዛት ያሰበም ቢሆን መጀመሪያ ካርቶን ይፈልግ።

ከሁሉ በፊት ግንባራችሁን ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። የአዋቂ ራስ ብዙውን ጊዜ ከ54 እስከ 60 ሳንቲሜትር ነው። በየጎኑ 2 ሳንቲሜትር ለስፖንጅ ሲተውለት፣ የ57 ሳንቲሜትር ራስ ውስጡ 70 ሳንቲሜትር ገደማ ዙሪያ ያለው ሄልሜት ይፈልጋል። ቅዱን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ የምታሳትሙ ከሆነ ደግሞ ፕሪንት ቤቱ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ማስተካከሉን ትቶ በ100 ፐርሰንት እንዲያትም ንገሩት። 5 ፐርሰንት ብቻ ቢቀንስ 70ው 66.5 ይሆናል፤ ያኔ ለስፖንጁ የተተወው ቦታ ይጠባል።

ካርቶን

የቲቪ ወይም የፍሪጅ ማሸጊያ ከሱቅ በርካሽ፣ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል። ለሄልሜት የሚሆነው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለ አንድ ሞገድ ነው። ድርቡ፣ 7 ሚሊሜትር የሚደርሰው፣ ጠንካራ ቢሆንም ሲታጠፍ ይሰበራል። ቁም ነገሩ የሞገዱ አቅጣጫ ላይ ነው፦ ካርቶን በሞገዱ መስመር እሺ ብሎ ይጠቀለላል፣ ሞገዱን አቋርጠው ሲያጥፉት ግን ይሰነጠቃል። ጠበቅ ያለ ኩርባ የሚፈልግ ቁራጭ ከሆነ የአንድ ጎኑን ልጣጭ ወረቀት አርጥባችሁ ግፈፉት፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብስ ይታጠፋል።

ኮላ ውሃ ስላለው ካርቶንን ያጣምማል። ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጠም ግሉ ጋን (ሙጫ አቅልጦ የሚያወጣው መሣሪያ) ይሻላል። ኮላ የሚጠቅመው በመጨረሻ ላይ ለማጠንከር ነው፤ ያም ቢሆን ውስጡንና ውጩን በአንድ ቀን ቀቡት። አንድ ጎን ብቻ ከተቀባ ሲደርቅ ወደዚያው ይጎትተዋል፣ ጠዋት ሲታይ አንዱ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። የሞገዱ ቀዳዳ የሚታይበትን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ ስስ ስቱኮ ስጡት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ካርቶን የሚሸነፈው በእርጥበት ነው። የደሴን ሐምሌና ነሐሴ ያወቀ ሰው ካርቶን ሄልሜት አድርጎ ውጭ አይወጣም።

ፎም

ገበያ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ አራት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። የምትፈልጉት ኢቪኤ የሚባለውን ነው፤ እንደ ጥርስ እርስ በርሱ የሚጋጠመው የልጆች ምንጣፍና ብዙው የነጠላ ጫማ ሶል ከሱ ነው የሚሠራው። የፍራሽ ስፖንጅ ቀለም ይጠጣል፣ ሞቆም ቅርጽ አይዝም። ዕቃ የሚጠቀለልበትን ነጭ ለስላሳ ፎም ማስቲሽ በቅጡ አይዘውም። ሲሰበር ፍሬ ፍሬ ሆኖ የሚበተነው ነጩ ደግሞ ማስቲሽና ስፕሬይ ቀለም ሲነካው ይሟሟል። ሱቅ ውስጥ በጥፍር ጫን አድርጋችሁ ፈትኑት፦ ኢቪኤ ጥቂት ይጎደጉድና ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ የተቆረጠ ጠርዙም ድፍን ነው።

60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 1 ሳንቲሜትር የሚወፍር ሁለት ቁራጭ ለአንድ ሄልሜት ይበቃል። ሸካራ ገጹ ወደ ውስጥ ይሁን። ኢቪኤ ምላጭ ቶሎ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላጭ ጠርዙን ይቦጫጭቀዋል፣ የተቦጫጨቀ ጠርዝ ደግሞ ቢጣበቅም መጋጠሚያው ከቀለም በታች ይታያል። የካተሩን ጫፍ ለመስበር አትሳሱ።

ቅርጽ የሚሰጠው ሙቀት ነው። ሂት ጋን (የጋለ አየር የሚነፋው መሣሪያ) ስታሳርፉበት ገጹ ትንሽ ማብለጭለጭ ሲጀምር በድስት ጀርባ ላይ አጉብጡትና እስኪበርድ ያዙት። ከዚያ ካለፈ ይኮማተራል፣ ያኮርታል። የፀጉር ማድረቂያ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ አይበቃም። የ2000 ዋት ሂት ጋን በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ባለው ዲቫይደር ላይ አይሰካም፤ ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሁን።

ማስቲሹን የጫማ መሥሪያ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ግዙ፤ ሩብ ሊትር ይተርፋል። ሁለቱም ጠርዝ ስስ ሆኖ ይቀባና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በጣት ሲነካ መለጠፉን ሲተው ይገጠማል። አብዛኛው ሄልሜት የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ሰው ቸኩሎ እርጥቡን ይገጥመዋል፣ እርጥቡ ይንሸራተታል፣ ከሁለት ቀን በኋላ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል። ደሴ ላይ ሲመሽና ሲበርድ ጊዜው ይረዝማል። ኮምቦልቻ በቀን ሙቀት ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ሁሉንም አንድ ላይ አትቀቡ፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ሂዱ። የደረቀው አንዴ ከተነካካ በኋላ ማስተካከል የለም፤ ስለዚህ ከመቀባታችሁ በፊት ሁለቱን ቁራጭ አጋጥማችሁ በየ3 ሳንቲሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ስትገጥሙ ምልክት ለምልክት ይዋል። የማስቲሽ ሽታ ራስ ያዞራል፣ ትነቱም እሳት ይይዛል። ከሰል ተያይዞ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ ማስቲሽ አይከፈትም፤ ወሎ ውስጥ ይህን ማለት ቀኑን ሙሉ ደጅ ሥሩ ማለት ነው።

ከቀለም በፊት ሁለት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥናችሁ አራት ጊዜ ቀቡት፣ በየመሃሉ ይድረቅ። ይህ ካልተደረገ ፎሙ ስፕሬዩን ይጠጣል።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ካርቶን በዋጋና ቀጥ ባለ ጠርዝ ይበልጣል፤ ፎም ደግሞ በምቾት፣ ዝናብ በመቻልና በመንገድ ላይ። ከደሴ ወልድያ በሚኒባስ የሚሄድ ሄልሜት ቦርሳ ሥር ተጨፍልቆ ቢውል ፎም ይመለሳል፤ ካርቶን የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው ይታያል።

ወረቀት በሊጥ

ይህ ለድቡልቡል የጠፈርተኛ ሄልሜት ብቻ ነው፤ ማዕዘን ለበዛበት የወታደር ዓይነት አትሞክሩት። ሞልዱ ቤት ውስጥ ይገኛል፦ 5 ቁጥር የእግር ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው፣ ማለትም ከላይ ለ57 ሳንቲሜትር ራስ ያሰብነው ልክ። ኳሱን በፌስታል ጠቅልሉት። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ በአራት ስኒ የፈላ ውሃ ላይ ጨምሩና እንደ አጥሚት እስኪሆን አማስሉ፤ አንድ ማንኪያ ጨው ሻጋታን ያዘገያል። 3 ሳንቲሜትር ስፋት ባላቸው የጋዜጣ ቁራጮች ሦስት ድርብ ለጥፉ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ እንዲህ እያላችሁ ዘጠኝ ድርብ አድርሱ። ከታች ራስ የሚገባበትን ቀዳችሁ ኳሱን አስተንፍሳችሁ አውጡ። ኳሱ ራስ ቅልን እንጂ አገጭን ስለማይሸፍን ከታች የካርቶን አንገት ቀጥሉለት።

ውስጡ ሳይደርቅ ቀለም የተቀባ ይሻግታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ሥሩት፤ አይጥ እንደምትወደውም አትርሱ። ድካሙ የበዛበት ደግሞ ያረጀ የአገልግል ክዳን ይፈልግ፤ ውስጡ ከጎን እስከ ጎን 22 ሳንቲሜትር ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል፣ ቆዳው ላይ ግን ቀለም በደንብ አይዝም።

መስታወቱ

ለመስታወቱ ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ወገቡ ይበቃል፤ ኩርባውም ከፊት ይስማማል። ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ 35 በ43 ሳንቲሜትር የሆነው የቆየ የደረት ራጅ ፊልም እንዳለ ይሠራል፤ ከውስጥ ያሳያል፣ ከውጭ አያሳይም። ጥቁሩ ከበዛ በረኪና ያነሳዋል፤ ጓንት አድርጋችሁ ደጅ እጠቡት። ከአገጭ በታችና ከአናት በኩል ቀዳዳ ካልተተወ ግን የትኛውም ወዲያው በትንፋሽ ይጋረዳል። መስታወቱን የምትገጥሙት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ስፕሬዩ አንዴ ካረፈበት ሲፈገፈግ ይጫጫራል።