የመመረቂያ ፕሮጀክት፦ በሲሙሌሽን ወይስ በእጅ?

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውቲንግ የሚማሩ ልጆች መመረቂያቸው ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል። ፕሮጀክቱን በማትላብ ሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያሠራ ሶፍትዌር) እንጨርሰው ወይስ ዕቃውን ራሳችን እንሥራው?

ሲሙሌሽን ዕቃ ግዙ አይልም። ላፕቶፕ ካላችሁ ሌሊቱን ሙሉ መሞከር ትችላላችሁ። አንዳንዱ ርዕስ ደግሞ ሌላ መንገድ የለውም። የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት። ያንን ላብ ውስጥ ማስገባት አይታሰብም።

በእጅ መሥራት ግን ሌላ ዓለም ነው። እኔ ስማር የትንሽ ዲሲ ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ሠርተን ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ሰላም። ብሬድቦርድ (ዕቃና ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ስንሰካው ግን ሞተሩ ገና ሲነሳ አርዱዪኖው (ኮዳችንን የሚያሠራው ትንሽ ቦርድ) ጥፍት ይልና እንደገና ይነሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን ፈተሽን። ጥፋቱ እዚያ አልነበረም። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ፓወር ሰፕላዩን ከአርዱዪኖው ጋር ስለሚጋራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ሰጠነው፣ ግራውንዱን (የሁለቱን ዜሮ ቮልት መስመር) አገናኘን፣ ተስተካከለ። ሲሙሌሽኑ ላይ የፓወር ሰፕላዩን 5 ቮልት የማይነቃነቅ አድርገን ያስገባነው እኛው ነበርን!

ርዕሳችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ከሆነ እባካችሁ ሥሩት፤ ቢያንስ አንዷን ክፍል። ወጪው ከከበደ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ካፓሲተር ፍቱ። ሲሙሌሽኑንም ቀድማችሁ ሞክሩት፤ አለዚያ ዕቃው በከንቱ ይቃጠላል።