ለድሮው ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር የቱ ይሻላል? ኬብል፣ ዩኤስቢ መቀየሪያ ወይስ ካርድ

ኮፒ ያለው ደረሰኝ የሚያትም ቤት ዶት ማትሪክሱን በቀላሉ አይጥለውም። መርፌዎቹ ወረቀቱን ስለሚመቱ ከሥር ያለውም ኮፒ አብሮ ይታተማል። ሌዘር ይህን አይችልም። ታዲያ ፕሪንተሩ ሲያስቸግር «ሞቷል» ብሎ ከመፍረድ በፊት ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን መስመር ማየት ያስፈልጋል። የድሮ ፕሪንተር የሚሰካው በፓራለል ፖርት፣ ማለትም በሰፊው ባለብዙ ፒን መሰኪያ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ግን ይህ ብዙውን ጊዜ የለም።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩንም ፕሪንተሩንም ያጥፉና ኬብሉን ይንቀሉ። በርቶ እያለ መንቀል ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። ብዙዎቹ የኤፕሰን ሞዴሎች ላይ የኤልኤፍ/ኤፍኤፍ (LF/FF፣ ወረቀት የሚያሳልፈውን) ቁልፍ እንደተጫኑ ማብሪያውን ሲነኩት ፕሪንተሩ ራሱን ይፈትሻል። ጥርት አድርጎ ካተመ እሱ ደህና ነው፤ ችግሩን መስመሩ ላይ ይፈልጉ።

ኬብል። ጽሑፉ ሲበላሽ አበላሸቱን ልብ ይበሉ። የእንግሊዝኛው «ኤ» (A) እንዳለ ሆኖ «ቢ» (B) ሁልጊዜ «ሲ» (C)፣ «ዲ» (D) ደግሞ ሁልጊዜ «ኢ» (E) ሆኖ ከወጣ፣ የመሰኪያው ፒን 2 ላይ ያለው የዳታ መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሥርዓት ያለው ስህተት ሲያዩ ሌላ ወጪ ከማውጣትዎ በፊት አዲስ ኬብል ይሞክሩ። ሲገዙ 1284 (የፓራለል ኬብል ደረጃ ቁጥር) የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። እያንዳንዱ የሲግናል ሽቦ ከራሱ ግራውንድ ጋር ስለተገመደ እስከ 10 ሜትር ያስኬዳል። ተራው ኬብል ግን ከ3 ሜትር በላይ አያስተማምንም።

ዩኤስቢ መቀየሪያ። የድሮውን ፕሪንተር ዩኤስቢ ላይ ለመሰካት ያስችላል። ርካሽ ነው፣ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ከኤክሴል ወይም ከሌላ የዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ የሚያትሙ ከሆነ ይበቃዎታል። ጣጣው ያለው የቆየ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ሒሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚልከው ወደ ኤልፒቲ 1 (LPT1፣ የመጀመሪያው ፓራለል ፖርት ስም) ነው፤ መቀየሪያው ግን ኤልፒቲ 1 አይሆንም፣ ዊንዶውስ የራሱን የዩኤስቢ ፖርት ይሰጠዋል። ፕሪንተሩን በዊንዶውስ ሼር አድርጎ በ«ኔት ዩዝ» (net use) ትእዛዝ ከኤልፒቲ 1 ጋር ማያያዝ ይቻላል። ፖርቱን በቀጥታ ለሚነካ ፕሮግራም ግን ይህም አይሠራም።

የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ነው። እውነተኛ የፓራለል ፖርት ይሰጣል፤ ለዶስ ፕሮግራም እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ነገር ግን ዴስክቶፕ ይፈልጋል። ቀጭን ኬዝ ካለዎት ካርዱ አጭር የብረት መያዣ (ሎው ፕሮፋይል) ያለው መሆኑን ሳያዩ አይክፈሉ። ደግሞ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ፖርቱን የሚፈልገው በድሮው አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፖርቱን በሚለይበት ቁጥር 378 ላይ ብቻ ነው። ካርዶቹ ብዙውን ጊዜ ሌላ አድራሻ ይይዛሉ። ስለዚህ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብለው ተስማምተው ይውሰዱ።

ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት ግን ኬዙን ከፍተው ማዘርቦርዱን ይዩት። አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ከኋላ ፖርቱ ባይታይም ውስጥ «ኤልፒቲ» የሚል ምልክት ያለበት የፒን ረድፍ አላቸው። ካለ የሚያስፈልግዎት ለዚያ ቦርድ የሚሆን ፖርቱን ወደ ኋላ የሚያወጣ አጭር የሪቦን (ጠፍጣፋ) ኬብል ብቻ ነው። አድራሻውም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው 378 ላይ ሊደረግ ይችላል።