ከአራት ኪሎ የሚገዛው የአካባቢ ሕግ መማሪያ፦ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ

የዘላቂ ልማትን ሥነ ምግባር፣ ሕግና ዓለም አቀፍ አስተዳደር ለሚያጠና ሰው፣ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚሸጠው፣ የፌዴራል አዋጆች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ ከብዙ ወፍራም መጽሐፍ ይበልጣል። ጌጥ የለው፣ ማብራሪያ የለው፣ በርዕሰ ጉዳይ የተደራጀ ማውጫም የለው። ስለዚህ «ስለ አካባቢ የወጣ ሕግ ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ቁጥርና ዓመት ይዞ መሄድ ነው።

ለጀማሪ ሦስት ይበቃሉ፦ ሕገ መንግሥቱ (አዋጅ ቁጥር 1/1987)፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኅዳር 24 ቀን 1995 የወጡ ናቸው። ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛን በሁለት ዓምድ ያትማል፤ በእንግሊዝኛው ዓምድ ግን ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር 2002 ይላል፤ ይህን ያላስተዋለ ተማሪ አንዱን አዋጅ ሁለት አድርጎ ይጠቅሳል፣ ወይም 2002ን ዓመተ ምሕረት ያደርገዋል።

የጋዜጣው ትልቁ ሀብት የሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን መቀመጥ ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 43 ይውሰዱ። የእንግሊዝኛው ዓምድ «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ሐሳብ በቀጥታ ይዞ ሲመጣ፣ አማርኛው «የማያቋርጥ እድገት የማግኘት መብት» ይላል። የማያቋርጥ እድገትና ዘላቂ ልማት አንድ ናቸው? አንዱ ፍጥነትን ያስባል፣ ሌላው ገደብን። ለመጪው ትውልድ የሚተርፈውን ሳይነኩ መልማት የሚለው ሐሳብ «አያቋርጥም» ከሚለው ቃል ውስጥ አይገኝም። ይህ የትርጉም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ለአዋጆቹም በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ልዩነት ሲኖር አማርኛው ይገዛል። የሥነ ምግባሩን ክርክር ከዚህ የተሻለ የሚጀምር ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ ወደ አንቀጽ 44 ቢወርዱ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ያገኛሉ፤ እዚያው ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ደግሞ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካባቸው ሰዎች የሚገባው ካሣ ተቀምጧል።

ከ300/1995 አንቀጽ 11 በቃል ቢያዝ አይበዛም። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጎዳን አካል ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። የወንዝ ብክለት የሚያሳስበው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ቀን ቆጠራው ላይ ነው፤ 60ው የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ነውና ማመልከቻው የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ግድ ነው።

ጉድለቶቹስ? አዋጅ 299 የትኛው ፕሮጀክት ግምገማ እንደሚያስፈልገው ዝርዝሩን ለመመሪያ ትቶታል፣ መመሪያ ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አይወጣም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲጫኑ ስለሚያዝ ፍለጋው ወደዚያ ይዞራል። በአዋጆቹ ውስጥ «ባለሥልጣን» የሚለው ቃልም ያደናግራል፤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በመካከሉ ሚኒስቴር ሆኖ፣ ኮሚሽን ሆኖ፣ ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። የደረቅ ቆሻሻን የሚያጠና ደግሞ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ን ብቻ ገዝቶ እንዳይመለስ፤ ፓርላማው በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

ለዓለም አቀፉ ክፍል ጋዜጣው ደካማ ነው፣ ይህንን ሳያወላውሉ መናገር ይገባል። የስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ ሲገዙ የሚያገኙት ጥቂት አንቀጾች ናቸው፦ ስምምነቱ ጸድቋል፣ የሚያስፈጽመው እገሌ ነው፣ አዋጁ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይጸናል። የስምምነቱ ሙሉ ቃል የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ግን የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፤ ዳኛውም ተከራካሪውም በእጃቸው የሌለውን ሕግ ያነባሉ ማለት ነው። ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ስለሌለ፣ ሙሉ ቃሉን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ አትሞ ከማጽደቂያው ጋር አብሮ መጠረዝ ነው መላው።