ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ለተዛወሩት የሒሳብ ባለሙያ ምስጋና

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ቢሯቸው አብሮ ስለተነሣ፣ ብዙ የቆዩ ደንበኞች ሴትዮዋን ፈልገው እንዳጧቸው ሰምቻለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም። አሜሪካ ኖረው የተመለሱትን፣ የፒያሳ ነጋዴዎችን ሒሳብ የሚሠሩትን እናት የምታውቁ ግን ስለ ማን እንደማወራ ይገባችኋል። አሁን ያሉት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሳይደረስ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ታምማ መጥቼ ስምንት ወር ስቀመጥ ሁለት ክሬዲት ካርዶቼ ሳይከፈሉ ከረሙ፤ ገንዘብ ጠፍቶኝ ሳይሆን ልቤ ሆስፒታል ስለነበር ነው። አሜሪካ ውስጥ የሰው ዕዳ አከፋፈል በሚለካበት የክሬዲት ነጥብ፣ ከ300 እስከ 850 በሚሄደው ሚዛን፣ ነጥቤ 548 ሆነ። ይባስ ብሎ «ክሬዲት አጸዳለሁ» ላለኝ ሰው 600 ዶላር አስቀድሜ ከፈልኩና ሰውየው ስልኩን ዘጋ።

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው አገልግሎት ሰጪ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ በእውነት የዘገየ ክፍያ ደግሞ 7 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፣ ማንም አይፍቀውም አሉኝ። ከዚያ ወደ እቁብ ወሰዱኝ።

«እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ተመልሶ ልግባ ሲል ዳኛው ምን ይለዋል፣ ልጄ?»

«ዋስ አምጣ።»

«እንግዲያው ዋስህ የራስህ ገንዘብ ይሁን።»

በመያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ማለታቸው ነው። 200 ዶላር አስያዝኩ፤ የካርዱ ጣሪያም ያው 200 ሆነ። በካርዱ የስልክ ሒሳቤን ብቻ እንድከፍል፣ በወርኃዊው መግለጫ ላይ የሚታየው ዕዳ ከ60 ዶላር፣ ማለትም ከጣሪያው 30 በመቶ፣ እንዳያልፍ አዘዙኝ። ሙሉውን ዕዳ በየወሩ ባንኩ በራሱ ጊዜ ከሒሳቤ እንዲቆርጥም አደረግሁ። ወለድ መክፈል ነጥብ ያሳድጋል የሚለውን ወሬ ሳነሣባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩኝ። ነጥቡ በሚሰላበት በተለመደው የፋይኮ ስሌት 35 በመቶውን የሚይዘው በሰዓቱ የመክፈል ታሪክ ነው፤ ወለዱ ለባንኩ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ሌላም አገኙ። የዕዳ ታሪኬ የተመዘገበበትን የክሬዲት ሪፖርቴን መስመር በመስመር ሲያነቡ ድሮ ከፍዬ የጨረስኩት አንድ ዕዳ እንዳልተከፈለ ተመዝግቦ ነበር። ከደረሰኙ ጋር አቤቱታ ጻፍን፤ መዝጋቢው ተቋም አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት ግዴታው ነው፣ አጣርቶም ሰረዘው። እውነቱን ለመናገር ነጥቤን መጀመሪያ ያነቃነቀው ካርዱ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ከ14 ወራት በኋላ 671 ደርሻለሁ። ባንኩ መያዣዬን መልሶ መደበኛ ካርድ ሰጠኝ። ለሁለት ቀን ምክር የከፈልኩት 1,500 ብር ነው፤ ከተመለስኩ በኋላ በቴሌግራም ለጠየቅኋቸው ሁሉ ሳንቲም አልተቀበሉም። መልሳቸው ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በዚህ አትከፉ። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የምትሄዱ የክሬዲት ታሪክ መዝጋቢዎቹን የኢኩዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት፣ ሦስቱንም በነጻ አውጥታችሁ በወረቀት አትሙ። በስልክ ስታሳዩአቸው ይቆጣሉ።