ከመተማ የመጣው ልጅና ጎንደር ያገኘነው የሕፃናት ጥበቃ አገልግሎት

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። አምስተኛዋን ለምን እንዳስቀረሁ ከታች አለ።

የምጽፈው ጎንደር ውስጥ ለስደተኛና ለተመላሽ ሕፃናት ስለሚሰጠው የጥበቃና የድጋፍ አገልግሎት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የልጁንም ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ስታነቡ ታገኙታላችሁ።

አዘዞ አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለኝ። ከሱዳን ድንበር፣ ከመተማ የሚመጣው መኪና በደጄ ነው የሚያልፈው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ ሚኒባስ ቆመና ረዳቱ አንድ ልጅ አወረደ። «እትዬ፣ እስኪ ይሄን ልጅ ይያዙልኝ፣ ሰው የለውም» ብሎኝ ሄደ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛ አይችልም። ከካርቱም ከአክስቱ ጋር ወጥተው መንገድ ላይ እንደተጠፋፉ የሰማሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ያን ማታ ያወቅኩት ፉል እንደሚወድና ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር እንደሚጠጣ ነው።

የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 2015 ከተነሳ ወዲህ በዚህ መንገድ ያላለፈ ሰው የለም። ሱዳናዊው አለ፣ እዚያ ሥራ ላይ የነበረው የኛው ልጅ አለ፣ ካርቱም ኖሮ እንደገና የተሰደደ ኤርትራዊም አለ። ችግሩ እነዚህ ሁሉ በአንድ በር አይስተናገዱም። ስደተኛ የሆነው በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት በኩል ይመዘገባል፤ ኢትዮጵያዊው ሕፃን ደግሞ ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው የሚላከው። ልጅ የትኛው በር የሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ዞርን። ሦስት ቢሮ። ሦስቱም ጋ ያው ጥያቄ ነው፦ ከየት መጣህ፣ ማን አመጣህ፣ እናትህ የት ናት፣ አባትህስ? አንዱ ጋ አስተርጓሚ ስለሌለ አረብኛ የሚሞክር ሊስትሮ ከውጭ ተጠርቶ መጣና ሰው በተሰለፈበት ኮሪደር ላይ አስተረጎመ። ልጁ ስለ አባቱ ሲጠየቅ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሦስተኛው ቢሮ ላይ ጭራሽ አፉን ዘጋ። ቤትም ገብቶ ሁለት ቀን አልተናገረም። እኔ እናት ነኝ፣ ያን ዝምታ አልረሳውም።

አሁን ወደማመሰግናቸው ልምጣ። ድርጅቱን የጠቆመችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ሄድን። ኬዝ ወርከሯ፣ ማለትም የልጁን ጉዳይ የምትከታተለው ሠራተኛ፣ ወጣት ናት። መጀመሪያ ያለችው «በልቷል?» ነው። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችው፣ ከጎኑ ተቀመጠች፣ በዚያ ቀን ምንም አልጠየቀችውም። እኔ ታሪኩን ልነግራት ስጀምር «እትዬ፣ እሱ ፊት አይሁን» ብላ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ። በማግስቱ አረብኛ የምትችል ሴት አስተርጓሚ መጣች። የሚነገረውን ለሰው እንደማታወራ መጀመሪያ ለልጁ ነገረችው፤ መመለስ የማይፈልገውን ጥያቄ መተው እንደሚችልም ነገረችው። ዕድሜውን ሲያጣሩ እንኳ «ስንት ዓመትህ ነው» ብለው አላፋጠጡትም። ጦርነቱ ሲነሳ ስንተኛ ክፍል ነበርክ፣ ረመዳን መጾም የጀመርከው መቼ ነው እያሉ ቀስ ብለው ደረሱበት።

ዋናው ነገር ግን አንድ ፋይል ነው። ታሪኩ አንዴ ተጻፈ፣ በቁጥር ተመዘገበ፣ ስሙ ፋይሉ ሽፋን ላይ የለም። ከዚያ በኋላ ምዝገባውም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም ጋ የምትሄደው እሷ ናት፤ ለእያንዳንዱም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የምትነግረው። ጤና ጣቢያው ስለ አባቱ ምን ያደርግለታል? ልጁ ያንን ታሪክ ለአራተኛ ሰው አልተናገረም። ማስተባበር ሲባል ስብሰባና አበል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ልጅ እንዳይዞር የሚዞርለት ሰው ማለት ነው።

ቤቴንም መጥተው አዩ። የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ትልልቅ ሰው እንዳለ። ከጎረቤትም ጠይቀዋል። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ነበር የከፋኝ። ያበላሁ ያጠጣሁ ሰው እንደ ተጠርጣሪ ልታይ? ለኬዝ ወርከሯም ነገርኳት። «እትዬ፣ እርስዎን ተጠራጥረን አይደለም፤ ልጅ ከመንገድ ወስዶ እቃ የሚያሸክም፣ ከዚያም የባሰ የሚያደርግ ሰው ስላለ የሁሉንም ቤት እናያለን» አለችኝ። ልክ ናት። ሱቄ ደጅ ስንቱን ልጅ ሲያሸክሙ አይቻለሁ።

ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለመልቀቅም ተዘጋጅተን ነበር። የልጄ ጓደኞች «በአንድ ቀን ቤተሰቡ ይገኛል» አሉ። ኬዝ ወርከሯ ከለከለችን። ልጅ ፈልጎ የሚመጣ ሁሉ ዘመድ አይደለም፣ ፎቶው ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም። የተጠፋፋ ቤተሰብ ፍለጋው በቀይ መስቀል በኩል ነው የሚኬደው፣ ክፍያም የለውም። ዘመድ ነኝ የሚል ሰው ሲገኝም ወዲያው አይሰጡም፤ ልጁንም ሰውዬውንም ለየብቻ ጠይቀው የሁለቱ ቃል ይገጥም እንደሆነ ያያሉ። እባካችሁ፣ የጠፋ ልጅ ፎቶ ሼር የምታደርጉ ሰዎች ይቺን ነገር አስቡባት።

ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ታገልን። ርዕሰ መምህሩ የክፍል ሰርተፍኬት አምጡ አሉ። ከጦርነት የሸሸ ልጅ ሰርተፍኬት ከየት ያመጣል? ኬዝ ወርከሯ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን አትማ ይዛ መጣች። ስደተኛ ሕፃን አንደኛ ደረጃን እንደ ኢትዮጵያዊ ሕፃን መማር እንደሚችል ተጽፏል። ሰውዬው አነበቡት፣ በሒሳብ ፈተኑትና አስገቡት። ሒሳቡን ከክፍሉ ልጆች በላይ ነው የሠራው። አማርኛው ገና ነው።

አሁን ቅሬታዬ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሁድ ስልካቸው አይነሳም። ልጁ አንድ ቅዳሜ ሌሊት በቅዠት ጮኾ ተነስቶ እስኪነጋ ሲንቀጠቀጥ እኔ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም። ሰኞ ጠዋት ሮጠው መጡ፣ ግን ሌሊቱ አልፏል። አንድ ተረኛ ስልክ ብዙ ወጪ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ጥር ላይ ኬዝ ወርከሯ ኮንትራቷ አለቀ። ፕሮጀክቱ በስድስት ወር የሚታደስ ነው አሉ። በቦታዋ የመጣው አዲሱ ሠራተኛ ጥሩ ሰው ነው፣ ፋይሉንም አንብቦ ነው የመጣው፣ ልጁን እንደገና አልጠየቀውም፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ግን ልጁ ሦስት ሳምንት «እሷስ?» እያለ ጠየቀኝ። አንዴ ከቤተሰቡ የተለየውን ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሰናበተው ሲሄድ ምን እንደሚሰማው በጀት የሚያጸድቁት ሰዎች መጥተው ቢያዩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሥራ ጫናውም አለ። በዓለም አቀፉ የሕፃናት ጥበቃ መመዘኛ አንድ ኬዝ ወርከር ከ25 በላይ ልጅ መያዝ የለበትም። እሱ ስንት እንደያዘ ጠየቅኩት፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፋይል አየና ዝም አለ። አምስተኛዋ ኮከብ የቀረችው በዚህ ነው።

መንገድ ላይ ብቻውን የሆነ ልጅ ካገኛችሁ አብሉት፣ ታሪኩን ግን ራሳችሁ አትመርምሩት። የት እንዳገኛችሁት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደነበረ በወረቀት ጻፉና ያዙ። የዚህ ልጅ ጉዳይ መነሻ ያገኘው በዚያ ሚኒባስ የታርጋ ቁጥር ነው፤ ደግነቱ ዱቤ የምጽፍበት ደብተር ላይ አስፍሬው ነበር።

አክስቱ በሕይወት አለች። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ናት፤ መጋቢት ላይ በስልክ አገናኟቸው። ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አላወራም፣ «አይዋ፣ አይዋ» (አዎ፣ አዎ) ብቻ ይላል። ወደሷ ይሂድ ወይስ እሷ ትምጣ የሚለውን ገና እያጠኑት ነው፤ የሱንም ሐሳብ ጠይቀውታል። ሐሙስ ቀጠሮ አለን። እስከዚያ እኔን «ኻልቲ»፣ አክስቴ ማለት ነው፣ እያለ ይጠራኛል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቁን ይጠብቅልኛል፣ ስኳሩንም ወደ ሦስት ማንኪያ አውርደነዋል።