ጎል ወይስ ጫና?

በአውስትራሊያ ፉትቦል ፈጣኑን አጭር አጥቂ በምን እንመዝነው? ብዙ ሰው ጎል ይቆጥራል። አጭሩ አጥቂ ኤዲ ቤትስ በ350 ጨዋታ 640 ጎል አግብቷል። አንድ ጎል 6 ነጥብ ነውና ማንም አይንቀውም። ሌላው አጭር አጥቂ ሲሪል ሪዮሊ በ189 ጨዋታ ያገባው 275 ነው። በቁጥር ከሄድን ቤትስ ይበልጣል፤ አለቀ።

እኔ ግን አሰላለፍ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ጫናውን ነው። ኳሱ መሬት ወድቋል፤ ተከላካዩ አንስቶ ሊወጣ ነው። አጥቂው ከኋላ ደርሶ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ዳኛው ያፏጫል፤ ተከላካዩ ኳሱን እንደያዘ ተይዟልና ቅጣት ምቱ ለአጥቂው ነው፣ ያውም ጎሉ አፍንጫ ሥር! ሪዮሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ፍጻሜ የተጋጣሚውን የጂሎንግን ተጫዋቾች እግር በእግር እያሳደደ መውጫ ሲያሳጣቸው ያየ ይገባዋል። በእርግጥ ቤትስም ጫናን አያውቅም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ጎል ያጣ ግን የሚያሳድድ ልጅ ይሰለፍ። አግብቶ የሚዝናናው ተቀያሪ ይሁን።