አንድ ወገን ብቻ የሚሠራ ኬብል

ኬብሉ አንዱ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ ነው፤ ሁለቱም ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፉ የመሰኪያ ዓይነቶች ናቸው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወፈር ያለና ጠንካራ። የገዛሁት ላፕቶፔን ከሞኒተሬ ላገናኝበት ነበር። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያለው፤ ሞኒተሩ ላይ ደግሞ ክፍት የቀረው ዲስፕሌይፖርት ነው። ሁለቱም ጫፎች ልክክ ብለው ገቡ። ስክሪኑ ግን ጭልም አለ። «ኖ ሲግናል»።

ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ድራይቨር ሳወርድ አመሸሁ። በቃ የተበላሸ ነው ብዬ ልመልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከትቼው ነበር።

ሲነጋ አሮጌው ዴስክቶፔ ትዝ አለኝ። እሱ ዲስፕሌይፖርት አለው። በኤችዲኤምአይ በኩል ያለውን ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ምስሉ ወዲያው መጣ፤ ድምፁም ጭምር! ለካ ኬብሉ ምንም አልሆነም፤ ገልብጬ የሰካሁት እኔው ነኝ።

ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የዲስፕሌይፖርት መውጫ ሁለት ቋንቋ ይችላል። እንዲህ ያለ ኬብል ሲሰካበት ያውቅና የኤችዲኤምአይ ሲግናል ይልካል። ኬብሉ ቮልቴጁን ከማስተካከል ያለፈ ሥራ የለበትም። የኤችዲኤምአይ መውጫ ግን የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከእሱ ወደ ዲስፕሌይፖርት ለመሄድ ሲግናሉን የሚተረጉም መቀየሪያ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ኃይል የሚያገኝባት የዩኤስቢ ጭራ አለችው።

ይህን ሁሉ ካርቶኑ ላይ አንዲት ቀስት ትነግረኝ ነበር። ቀስት የለም። «ወርቅ ቅብ» የሚለው ግን በትልቁ ተጽፏል።

ጫፎቹን መለየት ቀላል ነው። ኤችዲኤምአይ 19 ፒን አለው፣ ከታች በሁለቱም በኩል ጠበብ ይላል። ዲስፕሌይፖርት 20 ፒን ሆኖ የተቆረጠው አንድ ማዕዘኑ ብቻ ነው። የዚህኛው አናት ላይ ተጭነው የሚያላቅቋት ቁልፍ አለች። እኔ ሳልጫናት ስጎትት ከነሶኬቱ ልገነጥለው ነበር።

በ1080 የምስል ጥራት ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በሚበልጠው በፎርኬ ጥራት ግን ከ30 ኸርዝ (በሰከንድ ከ30 ምስል) አላልፍ አለኝ፤ የማውሷ ቀስት ትጎተታለች። ፊልም ለማየት ይበቃል፣ ለጌም አይሆንም።

ለኬብሉ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ ለካርቶኑ 1። አልመለስኩትም፤ ዴስክቶፑና ቴሌቪዥኑ መሃል እንደተሰካ ነው። ላፕቶፔ ግን አሁንም ሞኒተር የለውም።